ጀበናውን ወደን፣ እጇን ጠልተን

ባለፈው ሳምንት ስቄያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ሳቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈሬ የታክሲ መያዣ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት እህት አለች። እንደኔ ቋሚ ቢሮ ለሌለው ጋዜጠኛ የእሷ በርጩማ ቢሮ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጬ ዜና አነባለሁ፣ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ አንዳንዴም እጽፋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከገዛችው ሁለት ቀን ያልሞላው ጀበናዋ ከሰል ላይ እንዳለ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ቡናው ፍሙ ላይ ፈሰሰ፣ አመዱ ቦነነ። ልጅቷ ብሽቅ ብላ «ምን ይደረግ! ከቡዳ እጅ የወጣ ነገር መቼ ይበረክታል» አለች። የተቀመጥነው ሁሉ ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በአደባባይ ስጽፋት የመጀመሪያዬ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፣ ዲግሪ ይዣለሁ፣ በሙያዬ ሰው የደበቀውን እየጠየቅሁ ነው የምኖረው። የራሴን ግን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ታዲያ ይሄ ምኑ ይደበቃል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እናንተ የታደላችሁ ናችሁ። ለምን እንደሚደበቅ ልንገራችሁ።

*

ልጅ ሆነን አያቴን የምናያት ክረምት ክረምት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እማዬ እኔንና ታላቅ እህቴን ይዛ ወደ ሰሜን ሸዋ ትወስደናለች። ዝናቡ፣ የተጠበሰ በቆሎው፣ የአያቴ የሻከሩ መዳፎች ጉንጬን ሲይዙኝ ትዝ ይለኛል። ጓሮ ውስጥ አንዲት ጎጆ ነበረች። በሯ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ምን እንዳለ ስንጠይቅ «ዕቃ ቤት ነው» እንባላለን።

አንድ ዓመት አያቴ ታመመች ተብሎ በጥር ሄድን። አሥር ዓመቴ ነበር። ስንደርስ ግን ተሽሏት ተነስታለች። ጓሮ ሜዳው ላይ ትልቅ እሳት ይነዳል፣ እሷም በረጅም እንጨት ከእሳቱ ውስጥ ቀይ የሆነ ነገር ታወጣለች። የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ጋን፣ እንስራ፣ ምጣድ፣ ጀበና፣ ድስት እንደ ሰው ተደርድሯል። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዞር ብዬ እማዬን ሳያት ግን ፊቷ ጠቁሯል።

በኋላ ነው የገባኝ። ሸክላ የበጋ ሥራ ነው። በክረምት ጭቃው አይደርቅም፣ ማገዶው ይርሳል፣ ሜዳ ላይ የሚነደውን እሳት ዝናብ ያጠፋዋል። እማዬ ክረምት ክረምት የምትወስደን ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ብቻ አልነበረም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማማ የምትሠራውን ለትምህርት ቤት ልጆች እንዳትነግር። እሺ በለኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እነሆ ሃያ አምስት ዓመት እሺ እንዳልኩ አለሁ።

*

ያን ሳምንት ግን ከአያቴ አጠገብ አልተለየሁም። ያየሁትን እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል አስታውሰዋለሁ።

አፈሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጥቁርና የሚጣበቅ፣ ሌላው ቀላ ያለና ሻካራ። ሩቅ ቆፍራ በጀርባዋ ነው የምታመጣው። ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። ከዚያ የተሰበረ አሮጌ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ወቅጣ ትቀላቅልበታለች። ጭቃው ሲደርቅም ሆነ እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ይህ ነው። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ አዲስ ጀበና ውስጥ የሞተ ጀበና አለ።

የምታሽከረክርበት መሣሪያ የላትም። ዕቃው ቆሞ እሷ ናት የምትዞረው። ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ እየሄደች በጣቷ ግድግዳውን ታሳድጋለች። በቆሎ ቆረቆንዳ ትፍቀዋለች፣ በእርጥብ ቆዳ ታለሰልሰዋለች፣ በወንዝ ድንጋይ ትወለውለዋለች። ከዚያ ጥላ ውስጥ ለቀናት ታቆየዋለች። ፀሐይ ላይ ከቸኮለች ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ኩበት፣ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምራ ትተኩሰዋለች።

ጀበናውን ገና ግሎ ሳለ አውጥታ ጭድና ቅጠል ውስጥ ስትቀብረው አየሁ። ጭሱን ጠጥቶ ጠቆረ። የጀበና ጥቁረት ቀለም አይደለም፤ ጭስ ነው። ያን ቀን ከተኮሰችው ውስጥ አንድ ትልቅ ጋን ተሰነጠቀባት። የስንት ቀን ልፋት ነው። ምንም አላለችም። ስባሪውን ሰብስባ ለሚቀጥለው ጭቃ አስቀመጠችው።

ሥራው ገዥው ቤት ገብቶም አያልቅም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቅበታል። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ካልታጠነ ጠላው ጠላ አይሆንም። ዛሬ «ማሟሻ» ስንል ለንግግር መጀመሪያ፣ ለጨዋታ ማሞቂያ እንለዋለን። ቃሉ ከምጣድ የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

*

እስቲ ከቋንቋችን ላይ ሸክላን አንስታችሁ እዩት። ያልታወቀ አዋቂ ሲያጋጥመን «የጋን ውስጥ መብራት» እንላለን። ትልቁ ያለ ትንሹ እንደማይቆም ለመናገር «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንላለን። በየቴሌቪዥኑ ስለ ሹመት ክርክር ሲነሳ «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የማይል ተንታኝ የለም። ጥፋተኛውን ለሌላ ሲባል ማለፍ ሲኖርብን «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» እንላለን። ምሳ ቤት ገብተን ምንቸት አብሽ እናዛለን። ፖለቲካችንን የምናወራው፣ ሆዳችንን የምንሞላው በሸክላ ሠሪ ዕቃ ነው።

ሥርዓታችንም እንደዚሁ ነው። ሠርግ ሲደገስ መጀመሪያ የሚቆጠረው ጋን ነው። ለተዝካሩም ለዝክሩም ጠላው የሚጠመቀው በእሷ ሥራ ነው። ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚወርደው ከእሷ ጀበና ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ጀበናውን በልብስ ጠቅልሎ ሻንጣው መሐል ያስቀምጣል። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ደርሶ ሲፈታው መጀመሪያ የሚያየው አንገቱ መትረፉን ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የማኅበሩ ጽዋ ነው። የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ወር በመጣ ቁጥር ማኅበርተኛው በቅዱሱ ስም ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ጽዋው በክብር ተሸፍኖ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል። ተረካቢው ቆሞ ይቀበለዋል። አያቴ መንደር ያለውን ጽዋ የሠራችው አያቴ ነበረች። ማኅበርተኛ ግን አልነበረችም። ዕቃዋን ቆመው የሚቀበሉት ሰዎች እሷን ከጎናቸው አያስቀምጧትም።

ገበያ ላይም አይቻለሁ። ገዥዋ እንስራውን በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከደነዘዘ የተሰነጠቀ ቦታ አለው ማለት ነው። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። ከዚያ ሴትየዋ ገንዘቡን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። አያቴ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ከመሬት አነሳችው። «ለምን እጅሽ ላይ አልሰጠችሽም?» አልኳት። «ቸኩላ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

*

ይህ ነገር የአንድ መንደር ወይም የአንድ ብሔር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን እናቶች በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ጋሞ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩት «ማና» ተብለው ተለይተዋል፣ ወላይታ ውስጥ «ጭናሻ»፣ ሲዳማ ውስጥ «ሀዲቾ»። ቋንቋው ይለያያል፣ ሃይማኖቱ ይለያያል፤ ከሸክላ ሠሪ ጋር አንጋባም የሚለው ግን አንድ ነው። በብዙ ነገር የማንስማማ ሕዝቦች በዚህ ላይ መስማማታችን ያሳፍራል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ ከመሬት ይጀምራል። ርስት ያለው ያርሳል። ርስት የተነፈገ ሰው በእጁ ሠርቶ ይበላል፤ ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ጭቃ ያቦካል። ከዚያ ርስት የነፈገው ሰው ዞሮ «ይህማ የእጅ ሥራ የሚሠራ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ንቀቱ ሲሰነብት ፍርሃት ይጨመርበታል። አፈርን በእሳት ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ሰው ሰውንም ሊለውጥ ይችላል ይባላል። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል ይባላል። አንዱ ግፍ በሌላ ተረት ይሸፈናል።

ሕግ ያላየው ነገርም አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። አስቡት፣ ከመቶ ዓመት በፊት! የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በራሱ ጉልበት ሊያርስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ይሰጣል ሲል ቢያንስ በወረቀት የርስቱን በር ከፈተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ደግሞ በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። ሦስት ሥርዓት፣ ሦስት ሕግ። ሦስቱም ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር የሚቆጥርበት ሳሎን ውስጥ አይገቡም።

እኛ ሳሎን አልገቡም። እህቴ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ልታገባ ነበር። ሽማግሌ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ቀጠሮ ተያዘ። ለሁለተኛው ቀጠሮ የመጣ የለም። ልጁም ስልክ ማንሳት አቆመ። ከወራት በኋላ አንድ ሰው በጨዋታ መሐል «አገር ቤት ሰው ልከው አስጠይቀዋል አሉ» ብሎ ነገረን። ምን ብለው እንዳስጠየቁ፣ ምን እንደተመለሰላቸው አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም። እማዬ ምንም አላለችም። ተነስታ ጀበና ጣደች።

*

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጋዜጠኝነት ስጀምር ስለ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች አንድ ጽሑፍ ሠርቻለሁ። ቀጨኔ አዲስ አበባ ውስጥ የባለ እጆች ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። አዘጋጁ ወደደው። «እነዚህ እናቶች» እያልኩ ነው የጻፍኩት። «እነዚህ» የምትለዋን ቃል ዛሬ ሳነባት እጄ ይቀዘቅዛል።

እዚያ ሳለሁ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጭቃ ሲያቦኩ አገኘኋቸው። ልርዳዎት አልኩና ለጨዋታ ያህል እጄን ከተትኩ። ትንሽ አይተውኝ ሥራቸውን አቆሙ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«ለምን ጠየቁኝ፣ እናቴ?»

«እጅህ ጭቃ ያውቃል።»

አያቴ አስተምራኝ ነበር። በመዳፍ ወደ ፊት ገፍቶ፣ አጥፎ፣ እንደገና መግፋት፤ ውስጡ አየር እንዳይቀር። መልስ መስጠት ነበረብኝ። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «እሺ» አሉና ጭቃቸውን መግፋት ቀጠሉ። እንዳወቁብኝ ግን አውቃለሁ። እንደኔ የካደ ስንት ሰው አይተዋል!

*

የምትሉኝን እገምታለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ድሮ ቀርቷል» ትላላችሁ። ድሮ ከቀረ፣ ማክሰኞ ዕለት ያ ሁሉ ሰው ለምን ሳቀ? ሌሎቻችሁ «ሸክላው ራሱ እየጠፋ አይደል እንዴ፤ ፕላስቲክ መጥቷል» ትላላችሁ። እውነት ነው። እኔ ደግሞ ለእንስራ አላለቅስም። እንስራ ባዶውን ከባድ ነው፤ ውኃ ሲሞላ ዳገት የምትወጣውን ልጅ ወገብ ይሰብራል። ቢጫው ጀሪካን ሲመጣ ስንት ሴት እፎይ እንዳለች መካድ ግፍ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅም ዶክተር ልሁን ካለች ትሁን። ጥያቄዬ ዕቃው ሙዚየም ይግባ አይደለም። የሠሪዋ ልጅ ስትወጣ የእናቷን ስም ሳትቀብር ትውጣ ነው።

ደግሞስ ምኑ ጠፋ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰሌዳው ሸክላ ነው። ከተማው ሁሉ ጀበና ቡና ሆኗል። ጀበና በየሆቴሉ መግቢያ ቆሟል፣ በየማስታወቂያው ላይ ይሳላል፣ «ባህላችን» ተብሎ እንግዳ ይቀበላል። ባህላችን ስንል ዕቃውን ነው እንጂ ሠሪዋን አንጨምርም። ቀጨኔ ያገኘኋቸው እናት ነጋዴው ከእሳቸው የወሰደውን ሱቅ ላይ በእጥፍ እንደሚሸጠው ነግረውኛል። የነጋዴው ስም ሱቁ ላይ ተጽፏል። የእሳቸው ስም የትም የለም።

የሚገርመው፣ ዓለም ስለ ጥንታችን የሚያውቀው ብዙው ነገር የመጣው ከእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። ማሊ ውስጥ ኡንጁጉ በሚባል ቦታ የተገኘው ገል ከ11,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ አፍሪካ ሸክላን ከማንም ሳትማር መሥራቷን ከሚመሰክሩት አንዱ ነው። አክሱም ላይ ቆፋሪዎች የአንዱን ዘመን ከሌላው የሚለዩት በገል ዓይነት ጭምር ነው። ጆን አርተር የሚባል አሜሪካዊ አጥኚ ጋሞ ውስጥ ተቀምጦ የሸክላ ዕቃዎችን ሲመረምር፣ ቦርዴና ሌላ መጠጥ የሚብላላበት ማሰሮ ውስጡ ተልጦ እንደሚቀር፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ በብዛት የሚገኘው እህሉ ተርፎት መጠጥ መጥመቅ በሚችለው ሀብታም ቤት እንደሆነ አሳይቷል። ማን ሀብታም እንደነበር ከሺህ ዓመት በኋላ የሚመሰክረው ገሉ ነው። የነገሥታቱ ወርቅ ተዘርፏል፣ ብራናው ተቃጥሏል። የሸክላ ሠሪዋ ስባሪ ግን አለ።

ከናንተ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ጀበና ስትገዙ የሠራችውን ጠይቁ፤ ከተቻለ ከእጇ ግዙ፣ ገንዘቡንም እጇ ላይ ስጡ። ካፌና ሆቴል ያላችሁ፣ የቡናውን አገር እንደምትጽፉት የጀበናዋን ሠሪ ስም ጻፉ። ሽማግሌ ሆናችሁ ስትላኩ የልጅቷን ጠባይ ጠይቁ፤ የአያቷን እጅ አትጠይቁ። «ቡዳ» የሚል ቀልድ ሲቀለድ ደግሞ ቢያንስ አትሳቁ። ዝም ማለት ለመጀመር ያህል ይበቃል።

*

ሐሙስ ዕለት ወደ ቡናዋ ተመለስኩ። ሰው እስኪቀል ጠበቅሁና «እህቴ፣ ማክሰኞ ያልሽው ነገር... የእኔ አያት ሸክላ ሠሪ ነበረች» አልኳት። ደነገጠች። ረከቦቱን እያስተካከለች ቆየች። «ወንድሜ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። አብረህ ስትስቅ...» ብላ ዝም አለች። ልክ ናት። አብሬ ስቄያለሁ።

ሲኒውን ከሞላች በኋላ «ታዲያ ጀበናው ለምን ተሰነጠቀብኝ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አያቴ የነገረችኝ መጣልኝ። አዲስ ጀበና ቶሎ ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድም። መጀመሪያ የቡና አተላ ተጨምሮበት በለሰለሰ እሳት ደጋግሞ ይፈላና ይደፋል፤ ይሟሻል። ከጋለ በኋላም ቀዝቃዛ ውኃ አይጨመርበትም። «አላሟሸሁትም» አለች። እንግዲህ ጥፋቱ የሠሪዋ አልነበረም።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ለእህቴ ደወልኩላት። «ጻፈው፣ እኔ አላፍርም» አለችኝ። ለእማዬም ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ጻፈው። ስሟን ግን አትጻፍ» አለችኝ። ገና ፈርታለች፤ አልፈርድባትም። የአያቴን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። በሠራቻቸው ዕቃዎች ላይም ስሟ የለም።

አንድ ቀን እንደምጽፈው ተስፋ አለኝ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።